«ዑድ» የተጻፈበት ብልቃጥ ውስጥ ምን አለ?

ከጠዳ አንድ ወንድማችን የሽቶ ካርቶን ፎቶ አንሥቶ ልኮልናል። ካርቶኑ ጥቁር ነው፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ። ፊቱ ላይ በሌሊት መብራት የተንቆጠቆጡ ፎቆች፣ ከፎቆቹ ሥር ኮክና ብርቱካን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በትልቅ የዐረብኛ ፊደል «ዑድ» የሚል ቃል ይታያል። ጅዳ የምትሠራ እህቱ ለዒድ ከላከችለት ስድስት ብልቃጦች አንዱ ነው። አንዱን ለራሱ አስቀርቶ አምስቱን በሱቁ ሊሸጥ አስቧል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ደንበኛ ንጹሕ ዑድ ነው ወይ ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ? አልኮል አለበትም ይላሉ፤ ተቀብተን ብንሰግድስ?»

በሁለት መስመር መልሰን ልናልፈው ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለ ካርቶን ከጎንደር ሱቆች እስከ መርካቶ በየመደርደሪያው የሚታይ ነው። ሻጩም ገዢውም እኩል ግራ ሲጋቡ እናያለን፤ አንዱ «ኦሪጅናል» ብሎ ይምላል፣ ሌላው «አልኮል ነው» ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት መረጥን። (ጠዳን ለማያውቅ፦ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወጡ ከአዘዞ ቀጥላ መንገድ ዳር የምትገኝ፣ በጤና ሳይንስ ኮሌጇ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። «ጸዳ» ብለው የሚጽፏትም አሉ፤ ለሽቶ ወሬ የሚስማማ ስም ነው።)

ቁስል የወለደው መዓዛ

«ዑድ» በዐረብኛ በጥሬው «እንጨት» ማለት ነው። በሽቶ ዓለም ግን የአንድ የተለየ ዛፍ እንጨት ስም ሆኗል። አኩላሪያ የሚባለው ይህ ዛፍ አገሩ ከሕንዷ አሳም ጀምሮ በካምቦዲያ፣ በቬትናም፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ጫካዎች ነው። ጤነኛ ሆኖ ሲቆረጥ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላልና ይህ ነው የሚባል ሽታ የሌለው ነው። ነገሩ የሚለወጠው ዛፉ ሲቆስል ነው። ነፍሳት ሲበሱት ወይም ቅርንጫፉ ሲገነጠል በቁስሉ በኩል ሻጋታ ይገባበታል፤ ዛፉም ራሱን ለመከላከል ጠቆር ያለ ሙጫ ያመነጫል። ሙጫው ዓመታት እየፈጀ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። የሚፈለገው ይህ የጠቆረው ክፍል ብቻ ነው። ሙጫ በደንብ የጠገበው ቁራጭ ከመክበዱ የተነሣ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ቻይናዎች «ሰማጩ መዓዛ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ቁራጩ በፍም ላይ ሲጨስ ቡኹር ይሆናል። ተፈጭቶ፣ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ፣ ከዚያም በእንፋሎት ሲነጠር ደግሞ ወፍራም ዘይት ይወጣዋል፤ «ድህነል ዑድ» የሚሉት እሱ ነው። ይህን ዘይት መጀመሪያ የሚያሸት ሰው ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። ጣፋጭ አይደለም። ቆዳ፣ በረት፣ ጭስ፣ ያረጀ እንጨት የሚያስታውስ ከባድ ሽታ ነው። ውበቱ የሚገለጠው ከቆየ በኋላ ነው።

በእስልምና ታሪክ ዑድ የከበረ ስፍራ አለው። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ቤታቸውን ሲያጥኑ ዑድን አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ከካፉር ጋር ያጨሱ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር መናገራቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። የጀነት ሰዎች ማጨሻ ዑድ እንደሆነም በቡኻሪ ተነግሯል። እዚህ ላይ ግን አንድ ስሕተት እናርም። አንዳንድ ሻጮች «ሰባት ፈውስ አለው» የሚለውን ሐዲስ ጠቅሰው የዑድ ሽቶ እንደ መድኃኒት ሲሸጡ እንሰማለን። በዚያ ሐዲስ «የሕንድ ዑድ» የተባለው ቁስጥ የሚባለው ሥር እንደሆነ ሐዲሱን ከዘገቡት ጀምሮ ተብራርቷል። ሌላ ተክል ነው። የሚረጭ ሽቶማ በምንም መንገድ መድኃኒት አይሆንም።

አሁን ወደ ዋጋው። ሙጫ የያዘ ዛፍ ጥቂት ስለሆነና ጫካው ስለተመነጠረ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሁሉም የአኩላሪያ ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) ቁጥጥር ሥር እንዲገቡ ተወስኗል። ዛሬ በእርሻ ይተከላል፤ ዛፉን ሆን ብሎ ማቁሰልና ሻጋታ ማስገባትም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ቢሆንም ምርጡ ቁራጭ በኪሎ በአሥር ሺዎች ዶላር ይጠራል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የሚረጭ ሽቶ ውስጥ መዓዛ ሰጪው ክፍል 20 ሚሊ ሊትር ያህል ቢሆን፣ ያም ሁሉ በኪሎ 10 ሺህ ዶላር የሚሸጥ የዑድ ዘይት ነው ብንል፣ ዘይቱ ብቻውን 200 ዶላር ገደማ ያወጣል። ብልቃጡ፣ ካርቶኑ፣ ትራንስፖርቱና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተቆጠሩም። የወንድማችን እህት አንዱን ብልቃጥ የገዛችበት ዋጋ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። መልሱ ከዚሁ ይጀምራል።

ታዲያ የሚሸተው ዑድ ምንድን ነው? በአብዛኛው በላቦራቶሪ የተቀመመ የዑድ አምሳያ ነው። እንደ ዢቮዳንና ፊርሜኒሽ ያሉ የስዊዘርላንድ የመዓዛ ኩባንያዎች እንጨት፣ ቆዳና ጭስ የሚሸቱ ንጥረ ነገሮችን አዋሕደው የዑድን መልክ የሚሰጥ ቅመም ያዘጋጃሉ፤ ሽቶ ሠሪው ያንን ገዝቶ በራሱ ቀመር ይጨምራል። አንዳንዴ ጠብታ እውነተኛ ዘይት ይገባበታል፣ አንዳንዴ ምንም አይገባበትም። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ካርቶን ላይ «ዑድ» ሲባል በሽቶ ሠሪዎች ልማድ የመዓዛውን ወገን መጥቀስ ነው፤ «ብርቱካን» የተባለ ከረሜላ ብርቱካን እንደማይሆን ሁሉ። ነውሩ የሚመጣው ከመደርደሪያው ወዲህ፣ ሰው በአፉ «ንጹሕ» የሚል ቃል ሲጨምርበት ነው።

ፍራፍሬው ከየት መጣ? ፎቁስ?

ዑድ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሽታ ነው። ንግዱን ካስፋፉት መካከል ከአሳም የተነሡት ሐጂ አጅመል ዐሊ ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመሩት የሽቶ ንግድ ዛሬ በዱባይ ትልቅ ኩባንያ ነው። ምዕራባውያን ግን ብዙም አያውቁትም ነበር። ኢቭ ሴን ሎራን በ2002 «ኤም 7» የተባለውን፣ ቶም ፎርድ በ2007 «ዑድ ውድ»ን ካወጡ በኋላ ቃሉ በፓሪስና በኒው ዮርክ መደብሮች ተለመደ። እዚያ ያለው ገዢ ግን የበረት ሽታ አይፈልግም። ባሕረ ሰላጤ ያለው ወጣትም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚውል፣ በሊፍት የሚወጣ፣ ታክሲ የሚጋራ የከተማ ሰው ሆኗል። በሰፊ መጅሊስ የሚያምረው ከባድ ዑድ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሌላውን ያስጨንቃል። ከጎንደር ጠዳ በሚመላለስ በተሞላ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ተዘግቶ የሄደ ሰው ይህን ለመረዳት ዱባይ መሄድ አያስፈልገውም።

መፍትሔው ፍራፍሬ ሆነ። ሽቶ ሲረጭ ሁሉም ክፍሉ አንድ ጊዜ አይተንም። ቀላሎቹ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይወጣሉ፤ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ፖም፣ ኮክ የሚሸቱት እዚህ ናቸው። መካከለኞቹ፣ አበባና ቅመም፣ ይከተላሉ። ከባዶቹ፣ እንጨት፣ ሙጫና ሚስክ፣ መጨረሻ ላይ ልብስ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ፍራፍሬው በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ልጅ ነው፤ ሽማግሌው ዑድ ከውስጥ ተቀምጧል። ፎቁም የመጣው ከዚሁ ገበያ ነው። ቦንድ ነምበር ናይን የተባለው የኒው ዮርክ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲቋቋም ሽቶዎቹን በከተማዋ ሰፈሮች ስም መሰየም ጀመረ፤ ከነዚህ መካከል ፕለምና ብርቱካን ከዑድ ጋር ያጋጠመ «ኒው ዮርክ ዑድ» አለበት። ገዢው መዓዛውን ብቻ ሳይሆን የከተሜነትን ስሜት ጭምር ይከፍልበታል። ጠዳ የደረሰው ካርቶን ላይ ያለው ፎቅ የየትኛው ከተማ እንደሆነ መለየት አልቻልንም፤ ምናልባት የየትም አይደለም።

ፍራፍሬውም እንደ ዑዱ ነው። የብርቱካንና የሎሚ ወገን መዓዛ ከልጣጭ በመጭመቅ በእውነት ይወጣል፤ ልጣጩን ስናጥፈው ዐይን የሚያቃጥለው ጠል እሱ ነው። ኮክ፣ ፖም፣ እንጆሪ ግን ለሽቶ የሚሆን ዘይት አይጨመቅላቸውም፤ በኬሚስት እጅ ይሠራሉ። የኮክን ሽታ የሚሰጠው ጋማ ኡንዴካላክቶን ከ1908 ጀምሮ ይታወቃል፤ የጌርላ ቤት በ1919 ባወጣው «ሚትሱኮ» ዝነኛ ሆነ። በንግድ ስሙ «አልዴሃይድ ሲ 14» ይባላል። የሚገርመው ግን አልዴሃይድም አይደለም፣ የያዘው ካርቦንም 14 ሳይሆን 11 ነው። ሽቶ ሠሪዎች ስሙ ሐሰት መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ፤ በመካከላቸው የሚታለል የለም። ጠዳ ያለው ገዢ ግን የሽቶ ሠሪዎቹ ማኅበርተኛ አይደለም።

የፍራፍሬ መዓዛ በሐዲስም ምሳሌ ሆኖ መጥቷል። ቁርኣን የሚቀራ ሙእሚን በትርንጎ ተመስሏል፤ ሽታውም ጣዕሙም መልካም። ቁርኣን የሚቀራ ሙናፊቅ ደግሞ በረይሓን፤ ሽታው መልካም፣ ጣዕሙ መራራ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ትርንጎ ለአካባቢያችን ሰው እንግዳ ፍሬ አይደለም። ወፍራም ልጣጩን ጭሮ ያሸተተ ሰው ምሳሌው ለምን በዚህ ፍሬ እንደተሰጠ ይገባዋል።

ቀንድ ውስጥ የሄደው የጎንደር ሽቶ

በከተማ ስም ሽቶ ለመነገድ ጎንደር ከማንም አታንስም ብንል አናጋንንም። ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1668 በጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ በኋላ አባቶቻችን ከቀሐ ወንዝ ወዲያ በእስላም ቤት፣ ማለትም በአዲስ ዓለም ሰፈሩ። መሬት እንደ ልብ ያልተሰጠው ሕዝብ በንግድ በረታ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ የሙስሊሞቹን ሰፈር 3 ሺህ ያህል ቤቶች እንዳሉት ጽፏል። የጀበርቲ ነጋዴዎች ቅፍለት ወደ ምጥዋና ወደ ሰናር ይወርድ ነበር። ከጭነቱ መካከል ከእናርያና ከከፋ የሚመጣው ዝባድ አለበት።

ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ጥርኟ በጠባብ ቀፎ ውስጥ ታስራ ትቀለባለች፤ በየጊዜው ከጅራቷ ሥር ካለው ከረጢት ቅባቱ በማንኪያ ይጫራል። ከዚያም በበሬ ቀንድ ታሽጎ ይጫናል። በአገራችን ጥርኝ ማርባት የኖረው በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ ነው። ቃሉ ራሱ ዐረብኛ ነው፤ አውሮፓውያን ለቅባቱ የሚጠሩበት ስምም ከዚሁ የተወሰደ ነው። የዝባድን ዋና ንጥረ ነገር ሩዢችካ የተባለ ኬሚስት በ1926 ምንነቱን ለየ፤ በ1939 ኖቤል ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ጥናቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በላቦራቶሪ መሥራት ተቻለ፤ «ሻኔል ነምበር 5» እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጥሮውን ዝባድ መጠቀም ማቆሙን አስታወቀ። ስለ እንስሳቷ አያያዝ የሚቀርበው ወቀሳ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ወቀሳውም ያለ መነሻ አይደለም ባዮች ነን። መዞር በማይችል ቀፎ ውስጥ ዕድሜዋን የምትጨርስ እንስሳ ጉዳይ ለሙስሊም አርቢ የአኺራ ጥያቄም ነው።

ስለ ዝባድ ንጹሕነት ሊቃውንት ተከራክረዋል። ኢማም ነወዊ «አል መጅሙዕ» በተባለው ኪታባቸው ቀደምቶቹ አንዳንዶች ዝባድን የባሕር ድመት ወተት አድርገው መጻፋቸውን ያነሡና፣ እርሳቸው ግን ነገሩን ከሚያውቁ ታማኝ ሰዎች የሰሙት የየብስ የዱር ድመት ወዝ መሆኑን ይገልጻሉ፤ ንጹሕ ነው ይላሉ፤ ከውስጡ ከሚገኘው ፀጉር ግን መጠንቀቅ እንደሚገባ ያሳስባሉ። ኢማሙ ብይን ከመስጠታቸው በፊት ነገሩ ምን እንደሆነ ከባለሙያ መጠየቃቸውን ልብ ይሏል። እኛም ከላይ ስለ ሻጋታና ስለ ላክቶን ያተትነው ለዚሁ ነው።

ዝባድ ሌላም ያስታውሰናል። በቀንድ ታሽጎ ስለሚሸጥ ውስጡን ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ቅቤ፣ ማር፣ የተላጠ ሙዝ ሳይቀር እየተቀላቀለበት የውጭ ገዢዎች እምነት ሲያጡበት ኖሯል። ቀንዱ የትናንት ካርቶን ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ላይ እጃቸውን ሰደው ውስጡን እርጥብ ባገኙት ጊዜ ነጋዴው ዝናብ መታው ብሎ እውነቱን ነበር የተናገረው። ቢሆንም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግከውም ብለው ገሠጹት፤ ያታለለ ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ (ሙስሊም ዘግበውታል)። ልብ በሉ፦ ነጋዴው አልዋሸም፤ ያጠፋው ባለመናገሩ ነው። በሽቶ ሱቅም የሚጠየቀው «ንጹሕ ነው» ያለ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ደንበኛው ንጹሕ መስሎት ሲከፍል እያየ ዝም ያለም ነው።

አልኮሉና ሶላቱ

የሚረጭ ሽቶ ውስጥ አብዛኛው ፈሳሽ ኢታኖል ነው። ካርቶኑ ጀርባ ላይ በላቲን ፊደል «አልኮሆል ዲናት» ተብሎ ከተጻፈ፣ እንዳይጠጣ መራራና ጎጂ ነገር የተጨመረበት አልኮል ማለት ነው። ኢታኖሉ ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት፣ ከእህል ወይም ከነዳጅ ዘይት ውጤት ሊሠራ ይችላል። በአገራችንም ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ያመርቱታል።

ጥያቄው ሁለት ነው፤ ሰዎች ግን አንድ ያደርጉታል። የመጀመሪያው መጠጣቱ ሐራም ነው ወይ የሚለው ሲሆን፣ የሚያሰክር ሁሉ ጥቂቱም ብዙውም ሐራም በመሆኑ ሰፊ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛው አካልና ልብስ ሲነካ ነጃሳ ያደርጋል ወይ የሚለው ነው። ክርክሩ ያለው እዚህ ነው።

የአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ሊቃውንት ኸምር ራሱ ነጃሳ ነው ይላሉ፤ በሱረቱል ማኢዳ 90ኛ አንቀጽ «ሪጅስ» መባሉን ይጠቅሳሉ። የኢማም ማሊክ አስተማሪ የነበሩት ረቢዓ፣ የግብፁ ለይስ ኢብኑ ሰዕድ፣ ከሻፊዒዮቹ ሙዘኒ፣ ኋላም የየመኑ ሸውካኒ ግን መጠጣቱ ሐራም ቢሆንም አካሉ ነጃሳ አይደለም ብለዋል። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ኸምር በተከለከለ ቀን ሰሓቦች በመዲና መንገዶች ላይ ማፍሰሳቸው ነው፤ ሰው የሚመላለስበትን መንገድ በነጃሳ መበከል አይፈቀድምና። በሐነፊዎች ዘንድ ደግሞ ከወይንና ከተምር ያልተሠራ አልኮል ሌላ ብይን አለው፤ በዚህ መሠረት እንደ ፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ተቂ ዑስማኒ ያሉ የዘመኑ ሊቃውንት በሽቶ ውስጥ ያለውን ፈቅደዋል። የኢንዶኔዥያ የዑለማ ምክር ቤትም በ2009 ባወጣው ፈትዋ ከኸምር ኢንዱስትሪ ያልመጣ አልኮል ነጃሳ እንዳልሆነ ወስኗል። በሌላ በኩል ሸይኽ ኢብኑ ባዝ አልኮል ያለበትን ሽቶ መተው እንደሚገባ ተናግረዋል። ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን ነጃሳ አይደለም ከሚሉት ወገን ሆነው ሳለ ጥንቃቄን መርጠዋል።

«ተንኖ ይጠፋል፣ ምን አለበት?» የሚል ክርክርም ይሰማል። ነጃሳ ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ አይሆንም፤ ነጃሳ የነካው ቦታ እንዲታጠብ ያዛልና። ነጃሳ አይደለም ለሚል ደግሞ ክርክሩ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ ሻፊዒይ አካባቢ ያላችሁ የመስጂዳችሁን ኡስታዝ፣ ሐነፊይ አካባቢ ያላችሁ የእናንተን ጠይቁ። የምንለው ይህን ነው፦ ነገሩ ኺላፍ ያለበት ስለሆነ ሽቶ ተረጭቶ በሶፍ አጠገባችን የቆመውን ሰው «ሶላትህ ተበላሽቷል» ማለት ተገቢ አይደለም። ከኺላፍ መውጣት የሚሻ ደግሞ መንገድ አለው፤ አልኮል የሌለበት ዘይት፣ ዒጥር የምንለው በጣት ወይም በኳስ የሚቀባው፣ በየመስጂዱ ደጃፍ ይሸጣል። ፍራፍሬማው ዑድም በዚያ መልክ ይገኛል፤ ለጁሙዓ ሱናው ሽቶ መቀባት እንጂ መርጨት አይደለምና።

ስለ እህቶች ጥያቄ እንደማይቀር እናውቃለን። ካርቶኖቹ «ለወንድም ለሴትም» ይላሉ። በቲርሚዚ በተዘገበ ሐዲስ የወንድ ሽቶ ሽታው የሚገለጥ ቀለሙ የሚሰወር፣ የሴት ደግሞ ተቃራኒው እንደሆነ ተነግሯል፤ መስጂድ የምትመጣ ሴት ሽቶ እንዳትነካ የሚያዝ ሐዲስም በሙስሊም አለ። በቤቷ ግን የፈለገችውን ትቀባለች። ለባሏ ብላ ስትገዛ «ይህ የወንድ ነው» ብሎ የሚያከራክራት ሻጭ የካርቶን እንጂ የሸሪዓ ዕውቀት የለውም።

ከመግዛት በፊት፣ ከገዙም በኋላ

ሱቅ ውስጥ የሚሸተን ፍራፍሬው ብቻ ነው። በወረቀት ቁራጭ አስረጭታችሁ ወይም አንድ ጠብታ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ገበያችሁን ዙሩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቀረው ሽታ ከእናንተ ጋር የሚውለው ነው። ያ ካልጣማችሁ ኮኩ ቢጣፍጥ ምን ያደርጋል? የጎንደር ደጋ ቅዝቃዜ ሽታ ስለሚይዝ እዚህ ደብዘዝ ያለው ሽቶ መተማ ቆላ ሲወርዱ ሊከብድ ይችላል፤ ለቆላ ተጓዥ አነስ አድርጎ መቀባት ይበጃል።

የታወቀ ስም ያለው ሽቶ ከሆነ ካርቶኑ ላይና ብልቃጡ ሥር የታተመውን የምርት ቁጥር አስተያዩ፤ ካልተመሳሰለ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። የሚጨስ የዑድ ቁራጭ ስትገዙ በነጭ ጨርቅ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ተቀብቷል። ፍም ላይ ሲቀመጥ እውነተኛው ሙጫው ፍክ ፍክ እያለ ይፈላል፤ ሽቶ የተነከረ ርካሽ እንጨት መጀመሪያ ጣፋጭ ሽታ ሰጥቶ ወዲያው ተራ ጭስ ይሆናል። «ውኃ ውስጥ ሰመጠ» የሚለው ግን ብቻውን አያስተማምን፤ ክብደት የሚጨምሩበት አሉ።

ለቆዳም ለቤትም የሚሆን ሁለት ነገር። ቤርጋሞት የተባለው የብርቱካን ወገን ዘይት ያለበት ሽቶ አንገት ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ቆዳን ሊያጠቁር ይችላል፤ ልብስ ላይ ቢሆን ይሻላል። የሚረጭ ሽቶ ደግሞ እሳት ይይዛል። ቡና ተፈልቶ፣ ከሰሉ ግሞ፣ የመተማው ዕጣን እየጨሰ ባለበት ክፍል ሽቶ አይርጩ፤ በዒድ ጠዋት ልጆች አዲስ ሽቶ ይዘው በማጨሻው ዙሪያ ሲሯሯጡ ዐይን አይለያቸው። አስም ያለበት ሰው በቤት ወይም በሶፍ ካለም መጠኑን መቀነስ ከሐቁ ነው።

ወንድማችን ይህን ሁሉ በስልክ ስናጫውተው ዝም ብሎ ሰምቶ «ታዲያ አጠር አድርጋችሁ ምን ልበል?» አለን። ተማክረን አንድ ዐረፍተ ነገር አወጣን። አሁን በካርቶን ቁራጭ ጽፎ መደርደሪያው ላይ አቁሞታል፦ «የዑድና የፍራፍሬ መዓዛ ያለው የሚረጭ ሽቶ፤ ንጹሕ የዑድ ዘይት አይደለም፤ አልኮል አለበት።» ከአምስቱ ሁለቱ ተሽጠዋል። ሦስተኛውን ሊገዙ የመጡ አባት ጽሑፉን አንብበው፣ ብልቃጡን መልሰው አስቀምጠው፣ አልኮል የሌለው ዒጥር መቼ እንደሚመጣ ጠይቀው ሄደዋል፤ እሱም ለእህቱ የሚቀጥለው ትእዛዝ ምን መሆን እንዳለበት ጽፎላታል።